ከቅጥሩ ውጭ ያሉት ድንጋዮች

እናቴ ቢቸና ባለው ቤተ ክርስቲያናችን በኩል ስታልፍ ሁለት ጊዜ ትሳለማለች። መጀመሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞራ ታማትብና እጅ ትነሳለች። ከዚያ ጥቂት ራመድ ብላ፣ ከቅጥሩ ውጭ ወደቆመው አሮጌ ወይራ ፊቷን መለስ ታደርግና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ልጅ ሆኜ ይህ ሁለተኛው የሥርዓቱ ክፍል ይመስለኝ ስለነበር እኔም አብሬያት ለዛፉ እጅ እነሳ ነበር። አዲስ አበባ ለትምህርት ከሄድሁ በኋላ እንኳ በቤተ ክርስቲያን በር ሳልፍ፣ ከተሳለምሁ በኋላ ዐይኔ ዛፍ ይፈልጋል። አንድ የዶርም ጓደኛዬ አይቶኝ «ምን ጠፋብህ?» ብሎኛል።

በዚህ ክረምት ምን እንደምትሳለም አወቅሁ። ያወቅሁት ግን ከዛፉ አጠገብ ያሉትን ድንጋዮች ካነሳኋቸው በኋላ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ከእነዚያ ድንጋዮች ውስጥ የእሷ የትኛው እንደሆነ ማወቅ።

ድንጋይ ወደ ማንሳት ያደረሰኝ ትምህርቴ ነው። የዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የሥነ ሕይወት መምህራችን የውጭ አገር ሰው ሲሆኑ ዕድሜያቸውን የሰጡት ሸረሪት ለሚመስል፣ ግን ሸረሪት ላልሆነ ፍጥረት ነው። በእንግሊዝኛ ሃርቨስትማን ይሉታል፤ አጫጅ እንደ ማለት ነው። እኛ አገር ለብቻው ስም ያለው አይመስለኝም፤ ሁሉንም ሸረሪት ብለን እናልፈዋለን። ሸረሪት ወገብ አለው፤ ደረቱና ሆዱ ይለያሉ። አጫጅ ግን ገላው እንደ ምስር ፍሬ አንድ ወጥ ነው። ድር አያደራም፤ መርዝም የለውም። ሁለት ዐይኖቹ ጀርባው ላይ ባለች ትንሽ ጉብታ ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል፤ ነገር ግን የሚያዩት ጥቂት ነው። መንገዱን የሚያውቀው ከሌሎቹ በሚረዝሙት በሁለተኛዎቹ እግሮቹ እየዳሰሰ ነው።

ክፍል ከመዘጋቱ በፊት መምህራችን ቢሯቸው ጠሩኝና ትንንሽ ጠርሙሶች፣ ወረንጦ፣ አጉሊ መነጽርና አልኮል ሰጡኝ።

«ከምሥራቅ ጎጃም አንድም የለኝም» አሉኝ። «የቤተ ክርስቲያን ደኖቻችሁ በእርሻ መካከል ያሉ ደሴቶች ናቸው። በቢቸናው ያለው በሞጣው ላይኖር ይችላል። ከሁለቱም አምጣልኝ። አዲስ ዝርያ ከሆነ መልኩን ገልጸን ስም እናወጣለታለን። ግን ወንዱን እንዳትረሳ፤ ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ካልተገኘ ዝርያው አይለይም። የተገኘበትን ቦታም ጻፍ። ሌላ ሰው ጽሑፉን ይዞ ሄዶ እዚያው ሊያገኘው ይገባል።»

እኔን መምረጣቸው በጣም ደስ አለኝ። ከተማሪው ሁሉ ጠንቃቃው እኔ ነኝ ብለው ያሰቡ መሰለኝ፤ ይህን ሐሳባቸውን ላለማሳፈር ቆርጬ ነው ወደ ቤቴ የገባሁት።

ቢቸና እንደደረስሁ መጀመሪያ የሄድሁት ወደ ገበዙ ነው። የደብሩን ቅጥርና ንብረት የሚጠብቁት እሳቸው ስለሆኑ ሳላስፈቅድ ቅጠል መበጠስ እንኳ አልፈለግሁም። ገበዙ ከደብረ ኤልያስ በቅርብ የመጡ ሰው ናቸው። ደጀ ሰላሙ አጠገብ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ምን ልለቅም ነው ያልኸኝ?»

«ሸረሪት የሚመስል ትንሽ ፍጥረት አለ፣ አባቴ። ከድንጋይ ሥር ነው የሚኖረው።»

«መንግሥት አዲስ አበባ ወስዶ የሚቀልብህ ለዚህ ነው?»

«ለጥናት ነው።»

«እኔ ቤት ቁንጫ ሞልቷል። እሱን ሰብስበህ ብትወስድልኝ መርቄ በሸኘሁህ።»

«የቁንጫው መምህር ሌላ ናቸው።»

ሳቁ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ቅጥሩ ቀሰሩ። «ከውስጥ አንዲት ድንጋይ እንዳታነሳ። ውስጥ የተኛ ሰው አለ፤ አባትህም እዚያው ነው። ከቅጥሩ ውጭ ግን የፈለግኸውን አገላብጥ።»

እኔም ቃላቸውን በደንብ ጠበቅሁ። ጠዋት ዝናቡ ሲያባራ በቅጥሩ ውስጥ አንዲት ጠጠር ሳልነካ፣ ዞሬ ወደ ወይራው ሄድሁ። ጭጋጉ ከቅርንጫፉ በታች ተኝቶ ነበር። ከግንዱ ወዲህ የወፍጮ መጅ የሚያህሉ፣ ከነዚያም ተለቅ የሚሉ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ተራ ይዘው ተቀምጠዋል። ከአሮጌው ካብ የወደቁ መሰሉኝ። የወደቀ ድንጋይ ተራ ይዞ እንደማይወድቅ ያን ጊዜ አላሰብሁም።

መምህሬ እንዳስተማሩኝ ድንጋዩን በአንድ ወገን ብድግ አድርጌ አያለሁ፤ ካየሁ በኋላ እርጥቡን ፊት ወደ ታች አድርጌ እመልሳለሁ። እርጥበቱ ከደረቀ ከሥሩ የሚኖረው ሁሉ ይሞታል። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ድንጋይ ሥር አጫጁን አየሁት። ቀይ ቡናማ ነው፤ እግሩ አጭር፣ የፊት እጆቹ እሾኻም ናቸው። በወረንጦ ስይዘው አንድ እግሩን ጥሎልኝ ሄደ። ሲይዙት እግሩን ጥሎ ማምለጥ ልማዱ ነው። የተጣለው እግር መዳፌ ላይ ሆኖ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ቆየ። ባለቤቱ ከሄደ ቆይቷል፤ እግሩ ግን ገና የሚራመድ ይመስለው ነበር። ከዚህ በፊትም በክፍል ውስጥ አይቼዋለሁ። እዚያ ዛፍ ሥር ግን ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ፊቴን አዞርሁ።

ሴቶቹን ከድንጋዮቹ ሥር አገኘሁ። ወንዱ ግን ሮጦ ወደ ወይራው ሥሮች ገባ። በሁለት ሥሮች መካከል የረገፈውን ቅጠል በጣቴ ስገልጥ ያዝሁት። ገና ጠርሙሱን ሳልከድን ዝናቡ ወረደ። ያነሳኋቸውን ድንጋዮች ያን ጊዜ እንደነገሩ፣ እጄ እንዳገኘ መለስኋቸውና ሮጬ ቤት ገባሁ።

እናቴ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅም ነበር። ጠርሙሱን አሳየኋት።

«ይቺን ነው አዲስ አበባ ድረስ የምትወስድላቸው?»

«ይቺን ነው።»

«ምስኪን። ከየት አመጣሃት?»

«ከወይራው ሥር።»

«ከየትኛው ወይራ?»

«ከቅጥሩ ውጭ ካለው። ውስጥ አልነካሁም፤ ገበዙን አስፈቅጃለሁ።»

ሰፌዱን መሬት አስቀመጠችው። «ድንጋዮቹን አነሳሃቸው?»

«አንስቼ መለስኋቸው።»

«እንደነበሩ?»

«ዝናብ መጣብኝ፤ እጄ እንዳገኘ ነው የመለስኋቸው።»

ከእኔ በፊት አንዲት ሴት ልጅ ተወልዳ እንደሞተች በጨረፍታ ሰምቻለሁ። እንዴት እንደሆነ ግን ቤታችን ውስጥ ተነግሮ አያውቅም። በዚያ ከሰዓት እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገረችኝ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። ያቺ ልጅ ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ አንድ ጠዋት አልነቃችም። ክርስትና ስላልተነሳች ስም አልወጣላትም፤ ፍትሐት አልተፈታላትም፤ ከቅጥሩ ውስጥም አትቀበርም። እንደ እሷ ያሉት ሁሉ ከውጭ፣ ከወይራው ዘንድ ነው የሚያርፉት። እናቴ አራስ ስለነበረች ከቤት አልወጣችም። ልጂቱን ይዘዋት የሄዱት አባቴና እህቱ፣ አሁን ሞጣ ያሉት አክስቴ ናቸው። አባቴ ሲመለስ «ከወይራው ሥር ናት» ብሎ ነገራት፤ ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ስለዚህ ነገር ቃል አልወጣውም።

«ከዚያስ?» አልኋት።

«ከዚያማ ስነሳ ሄጄ አየሁ። ድንጋዮቹ ብዙ ናቸው። ከግንዱ ቀጥላ ያለችውን፣ ጫፏ ላይ የድንጋይ ሽበት ያበቀለችውን ይቺ ናት አልሁ። እሷው ናት እያልሁ ኖርሁ።»

ዝናቡ ሲያባራ አብረን ሄድን። ጭቃው በድንጋዮቹ ላይ ተረጭቶ ሁሉም አንድ መልክ ይዘዋል። ሽበት ያላበቀለ የለም፤ ከእነሱም ገሚሱ ፊቱ ወደ ታች ሆኗል። እናቴ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደች። ጎንበስ ትልና ቀና ትላለች። «ይቺ ነበረች» ትላለች፤ ቆይታ «አይ» ትላለች። በመጨረሻ «አላወቅኋትም» አለች፤ ገበያ ላይ ዘመድ መስሏት የጠራችው ሰው ዞር ሲል የማታውቀው ሆኖባት እንደምትለው ዐይነት፣ በቀስታ። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«አክስቴን ለምን አልጠየቅሻቸውም?» አልኋት ስንመለስ።

«ምን ብዬ?»

ወደ ሞጣ ለመምህሬ ሥራ መሄዴ የማይቀር ነበር። እናቴ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጠረችልኝ። ክረምቱ መኪና ስለከለከለ ከነጋዴዎች ጋር በእግር ነው የሄድሁት። ደጃፍ ድረስ ሸኘችኝና «አክስትህን ሰላም በልልኝ» አለች። ጥቂት ሄጄ ዞር ስል አሁንም ቆማለች። «የምትጠይቀውን ጠይቅ» አለችኝ፤ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ።

ሞጣ ስደርስ ግን አክስቴን መጠየቅ ፈራሁ። መጀመሪያ ሥራዬን ልጨርስ ብዬ ወደ ደኑ ወረድሁ። አሁን ድንጋይ ማንሳት እንደ ፊቱ አልሆነልኝም። እጄን ከዘረጋሁ በኋላ እመልሰዋለሁ። ከሥሩ አንድ ነገር እስትንፋሱን ይዞ የሚጠብቀኝ ይመስለኛል። በደኑ ዳር የሚኖሩ አንዲት መነኩሴ ውኃ ይዘው ሲያልፉ ጠየቅኋቸው።

«እማሆይ፣ እዚህ አካባቢ የተቀበረ ሰው አለ?»

ማድጋቸውን ሳያወርዱ ቆም ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ የት የሌለ አለ?» አሉኝና ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ የወደቀ ግንድና የረገፈ ቅጠል ብቻ ፈተሽሁ። አጫጁን ከበሰበሰ ግንድ ሥር አገኘሁት። ከሩቅ ሲያዩት የቢቸናው ወንድም ይመስላል፤ መልኩም መጠኑም ያው ነው። በአጉሊ መነጽር ሳየው ግን ዐይኖቹ የተቀመጡባት ጉብታ እንደ እሾህ ሾላለች፤ የቢቸናው ክብ ነበረች። የፊት እጆቹ እሾኽም ያነሰ ነው። ደጋግሜ አየሁ። አንድ ፍጥረት አይደሉም። መምህሬ የገመቱት ልክ ነው፤ በአንዱ ደን ያለው በሌላው የለም። የቢቸናው ከዚያ ወይራ አካባቢ ሌላ አገር የለውም ይሆናል። ያን ቀን በደስታ መዝለል ነበረብኝ። እኔ ግን ግንዱ ላይ ተቀምጬ ስለ ድንጋዮቹ አስብ ነበር።

አክስቴ ደጃፋቸው ላይ ጥጥ ይፈትላሉ። አባቴን ይመስላሉ፤ በተለይ ዝም ሲሉ። ጥያቄዬን ስነግራቸው እንዝርቱ ቆመ።

«እናትህ ናት የላከችህ?»

«እኔ ነኝ ድንጋዮቹን ያነሳሁት። የትኛው እንደሆነ ጠፋባት።»

«የትኛውም አይደለም» አሉኝ።

አልገባኝም።

«ድንጋይ አላደረግንባትም። ሌሎቹ አላቸው፤ አውሬ እንዳይቆፍር ይደረጋል። አባትህም ሊያደርግ ነበር። አንዱን ያነሳል፤ ይህ ይከብዳታል ይልና ያስቀምጣል። ሌላ ያነሳል፤ ይህም ይከብዳታል ይላል። እኔ ዶማውን ይዤ አጠገቡ ቆሜያለሁ። እየመሸ ነው እንሂድ ብለው አይሰማኝም። በኋላ በወይራው ሁለት ሥሮች መካከል አስገባናት። ሥሩ ራሱ ይጠብቃታል ብሎ። አፈሩን በእጄ መለስሁ፤ ቅጠል ጣል አደረግሁበት፤ ሄድን።»

«ታዲያ ድንጋዮቹ?»

«የሌላ ሰው ልጆች ናቸው። ከእሷ በፊት የነበሩ።» እንዝርቱን እንደገና አሾሩት። «ብትነግራት አልቀየምህም። ባትነግራትም አልቀየምህም።»

በመንገዱ ሁሉ ይህን ተሸክሜ መጣሁ። ጠርሙሶቹ በከረጢቴ ውስጥ ሲነካኩ ይሰማኛል። ወንዱን የያዝሁት በሁለት ሥሮች መካከል፣ ቅጠሉን በጣቴ ገልጬ እንደሆነ እያስታወስሁ እጄን በልብሴ እጠርጋለሁ። ብነግራት ለዘመናት የተሳለመችው ድንጋይ የእሷ እንዳልነበረ ታውቃለች። ዝም ብላት ደግሞ እስክትሞት ድረስ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ስትሄድ ትኖራለች። እናቴን ማስደሰት የምፈልግ ልጅ ነኝ፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚያስደስታት ግን ቢቸና እስክደርስ ድረስ አላወቅሁም።

ቤት አልነበረችም። ከወይራው ዘንድ አገኘኋት። በሄድሁበት ጊዜ ሁሉ ትመጣ ኖሯል፤ ጭቃውን ከድንጋዮቹ ላይ በቅጠል ጠርጋለች።

«ያገኘኋት ይመስለኛል» አለችኝ ገና ሳልጠጋት። እጇ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነው። «እያት፤ ሽበቷ በዚህ በኩል ነው። ይቺ ናት። አይደለችም?»

ዐይኗን አይቼ መዋሸት አቃተኝ። አክስቴ ያሉትን ሁሉ፣ አባቴ ድንጋይ እያነሳ ይከብዳታል እንዳለ፣ አንዱንም ሳልቀንስ ነገርኋት።

እጇን ከድንጋዩ ላይ አላነሳችም። ነፋስ ሲነሳ ከወይራው ላይ የቀረ ዝናብ ተንጠባጠበብን።

«ይከብዳታል አለ?» አለች።

«እንደዚያ ነው ያሉኝ።»

«ለእኔ እንዲህ ብሎ ቢነግረኝ ምን ነበር?» አለች፤ ለአባቴ ነው እንጂ ለእኔ አልነበረም። ከዚያ እጇ ሥር ያለችውን ድንጋይ እንደ አዲስ አየቻት። «እንግዲህ ይቺ የሰው ልጅ ናት።»

«አዎ።»

«ከየት ነበር ያነሳሃት?»

«አላስታውስም።»

«ፈልግ እንጂ። እናቷ መጥታ ስታጣትስ?»

ያን ጊዜ ነው የድንጋዮቹን ፊት ማየት ትቼ መኝታቸውን ያየሁት። ድንጋይ ለረጅም ጊዜ የተኛበት መሬት ቅርጹን ይይዛል፤ ሣር አይበቅልበትም፤ ገርጥቶ፣ የትል መንገድ ተሥሎበት ይቀራል። የድንጋዩን ሆድ ከመኝታው ጋር ካስተያዩት አይሳሳቱም። ይህን ሥራ አውቀው ነበር፤ ሁለት አጫጆችን ጎን ለጎን አድርጎ ጉብታን ከጉብታ፣ እሾህን ከእሾህ ማስተያየት ማለት ነው። አንድ ድንጋይ አነሳለሁ፤ እናቴ መኝታዎቹን እያየች «እዚህ አይደለም፣ ሰፊ ነው፤ እዚያ ሞክር» ትለኛለች። ሲገጥም ድንጋዩ ራሱ ቁጭ ይላል፤ መግፋት አያስፈልገውም። እያንዳንዷን ስናስቀምጥ እናቴ ፊቷ ወደ ላይ መሆኑን ታያለች፤ ሽበቷን በመዳፏ ዳሰስ ታደርጋለች። የጨረስነው ላሞች ከመስክ ሲመለሱ ነው። ባዶ የቀረ መኝታ አልነበረም።

አንድ አጫጅ ከድንጋይ ሥር ወጥቶ በሁለተኛዎቹ እግሮቹ እየዳሰሰ እናቴ ጣት ላይ ወጣ። እጇን አላራገፈችም።

«ዐይን የለውም እንዴ፣ እንዲህ የሚዳብሰው?»

«አለው። ብዙም አያይበትም።»

«ስሙ ማን ነው?»

«ገና አልወጣለትም። አዲስ ከሆነ መምህሬ ያወጡለታል።»

እስኪወርድ ጠበቀችው። «ሌላ ሰው ደግሞ ሊለቅም ይመጣል?»

«የተገኘበት ቦታ ስለሚጻፍ፣ ይመጣ ይሆናል።»

«ድንጋይ የሚል አለበት?»

ወደ ጠርሙሱ የምትገባዋን ብጣሽ ወረቀት ገና አልጻፍሁም ነበር። አልኮል ቀለምን ስለሚያጥበው የሚጻፈው በእርሳስ ነው። ዝርያው የሚለየው በወንዱ ነው፤ ወንዱን ደግሞ የያዝሁት ከድንጋይ ሥር አይደለም። ስለዚህ ያልሆነ ነገር መጻፍ አላስፈለገኝም። ጉልበቴ ላይ አድርጌ እያየችኝ ጻፍሁ፤ ማንበብ ስለማትችል አነበብሁላት።

«ቢቸና፤ ከቅጥሩ ውጭ፤ ከወይራው ሁለት ሥሮች መካከል፤ ከረገፈ ቅጠል ሥር።»

«ድገመው» አለችኝ።

ደገምሁላት። ወረቀቷን ጠቅልዬ ወደ ጠርሙሱ ስከት በዐይኗ ተከተለቻት።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ገበያ አብረን ስንሄድ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል አለፍን። እናቴ ዞራ አማተበችና ተሳለመች። ጥቂት ራመድ ብላ ለድንጋዮቹ እጅ ነሳች። መንገዳችንን የምንቀጥል መስሎኝ እግሬን ሳነሳ እሷ ቆማ ቀረች። ጎንበስ ብላ፣ ወደ ወይራው ሥር፣ ምንም ወደሌለበት፣ ለብቻ ተሳለመች። እኔም መለስ አልሁና አጠገቧ ቆምሁ።